የጋብቻ ሁኔታ

ደሴ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ከኤጀንሲው ቢሮ፣
ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ ተደርድሮ
መስኮቱን ሲያለብስ፣ ወረፋችን ደርሶ፣
አቶ አንዳርጌ አየን መነጽሩን መልሶ።

«ባልና ሚስት ናችሁ?»
«ሰባት ዓመታችን» አልከው ፈጠን ብለህ፣
በስልክ የታሰረውን ኒካህ ጭምር ቆጥረህ።
(የኔ ቆጠራ ሌላ ነው፦ አብረን ያደርነው ሌሊት
መቶ አሥራ አንድ ብቻ፤ ኢዱም፣ የታመምክባት
ያቺ ሳምንትም ገብታበት።)

ካርባ አምስት ቀን ዕረፍት ሠላሳ አራቱ ሾልኮ
የቀረን አሥራ አንድ ነው።
ቀን ለካ እንዲህ ያልቃል እኮ።

«አንደኛው እንደ ድሮው፦ እሷ ወደ ሪያድ፣
አንተ ወደ ደማም፤ ሁለት ደመወዝ፣ ሁለት መንገድ።
ከሁሉም ይፈጥናል። ነገር እንዳይበዛ
‹ያላገባች› ብለን እንሙላው፤ ያገባች ሴት ማን ሊገዛ—
ማለቴ፣ ማን ሊቀጥር?»
ሳል አሳለው። ወረቀቱን ገለበጠ።

«ሁለተኛው፣ እሷን በኢቃማህ ሥር ማስገባት፤
አንተ ትሠራለህ፣ ለሷ ሥራ የላት፤
ክፍያውን በየዓመቱ ከደመወዝህ ቀንሰህ፣
ለቤት ኪራይ፣ ለመብራቱ፣ ለቀለብ ከተረፈህ።»
ጣትህን ስታጥፍ አየሁ ከጠረጴዛው ሥር፤
አምስቱ አለቁና ተመለስክ ካንዱ ልትጀምር።

«ሦስተኛው ግን የናንተ ነው!» ከወንበሩ ተነሣ፣
ጥሎሽ እንደሚሸጥ ነጋዴ ድምፁን ለስለስ አርጎ፦
«አንድ አሠሪ፣ አንድ ኮንትራት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቤት፤
አንተ ሹፌር፣ እሷ ጓዳ፤ ወይዘሮ ጦይባ፣ ምን ጎደለበት?»

ያኔ ፊትህ በራ፣ እብሬ። ወላሂ በራ።
ምን ብዬ ላጥፋው?

ሪያድ፣ የማዳም ቤት፣ ባልና ሚስት ነበሩ፣
ከሕንድ የመጡ፣ ባንድ ወረቀት የታሰሩ።
እሱ ከአጥሩ በር፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣
እሷ ከፎቅ ላይ፣ ከሕፃኑ አልጋ ግርጌ፤
መሐል ላይ ደረጃው፤
ደረጃው ላይ ማዳም።

የሚገናኙት ሌሊት ነው፣ ቆሻሻ ሲደፋ፣
አምስት ሰዓት ካለፈ፣ የጓዳው መብራት ሲጠፋ።
ከረጢቱን ስታቀብል፣ ቀስ ብሎ ሲቀበላት፣
ቀስ ብሎ ሲያስር፣ ፈትቶ ደግሞ ሲያስርላት።
አንድ ቀን በመስኮት አየሁ፦
ሁለቱም ጨብጠው ይዘውት፣
ከረጢቱ ባዶ ነበር።

ይህን አልነገርኩህም። «አብሽር» ነው ያልኩህ፣
«ቅጹን ይዘን እንውረድ፣ ቤታችን እንምከር።»

ሐረጎን ስንወርድ፣ ሚኒባሱ እየተጠማዘዘ፣
ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ጉልበትህ ጉልበቴን እንደያዘ፣
ረዳቱ ዞረ፣ ልጅ ነው፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ፤
«የስንት ሰው?» ሲልህ፣ አፍህ «የሁለት» አለ።
ብሩን ተቀበለ። ማኅተም አምጡ አላለ፣
በዐረብኛ አስተርጉሙ፣ ሁለት ፎቶ አላለ፤
መልሱን ቆጥሮ ሰጠህና
ወደ ኋላ ወንበር አለፈ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጠበቀን፤ ቦርከና ደፍርሷል።
ያላለቀው ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰው ፍየል ታስሯል።
(ሁለቱን ክፍል የኔ ሪያል፣ በሩን ያንተ ሪያል ሠራው፤
ጣሪያው የማን እንደሚሆን ገና ነው።)

ማታ ቅጾቹን ምንጣፉ ላይ ደረደርክ በየተራ።
«የጋብቻ ሁኔታ» ይላል፤ ከፊቱ ትንሽ ሳጥን፣
ጤፍ የማታስቀምጥ፣
ባዶ።

«እስክሪብቶ አለሽ?» አልከኝ።
«የለኝም» አልኩህ።

ነበረኝ።
ፋኖሱን ዝቅ አደረግሁት፣
መብራት ሄዶ ነበርና፤ ጎንህ ተጋደምኩ፣
በልቤ ጣቴን አጠፍኩ፦
መቶ አሥራ ሁለት።