ያልተነበበ ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ ምሽት ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣
በቴነሲ ተራሮች ሥር፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው መሐል፣
መኪናውን ደጅ አውጥተን ወንበር ዘረጋን፤
ዝናቡ ጣሪያውን ይደልቃል፤ እኛ ውሃ አጣን።
(ሳቅ ነበር። አልጻፍኩትም።)

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ኦዴሳ ፕራዘር፣
ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁ በዚህ ሰፈር፤
የማን ልጅ ከየትኛው በር እንደሚወጣ አውቃለሁ፣
የማን ነጭ ሸሚዝ ታጥቦ ሻይ መስሎ እንደሚመጣ አይቻለሁ።

የከሰል ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ ባለቤቶቹ ሲሄዱ፣
ትተውልን የሄዱት ነገር ከምድር በታች ነው መንገዱ።
ቧንቧ ስትከፍት የተበላሸ እንቁላል ይሸትሃል፤
ትለምደዋለህ ይሉሃል፤ እንግዳ ሲመጣ ያስታውስሃል።
ገንዳችን ላይ ጥቁር ቀለበት አለ፣ አንዴ የታሰረ፣
ኮምጣጤ ያልፈታው፣ ከብዙ ትዳር በላይ የኖረ።

ቨርሊን ታኬት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በፒካፑ በርሜል ጭኖ፣
አርባ ማይል ነድቶ፣ ከእህቱ ቤት ቀድቶ፣ ሲመለስ ምሽት ሆኖ፣
ውሃ ቅዳ ውሃ መልስን በጀርባው የተማረው፣
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወገቡን ጠይቁት፣ እሱ ነው የሚናገረው።

አጀንዳ አንድ። ሚስ ኮርዴሊያ መነጽሯን አስተካከለች፣
የማመልከቻውን ቃል እንደ መዝሙር አወረደች፦
"ድንበሩ ከወፍጮው ድልድይ እስከ ሎጋኖች መቃብር፣
ሦስት ኮሚሽነር፣ አንድ ማኅተም፣ ሥልጣን ለመበደር።"
"አንድ ሰው ብቻውን ቢጠማ ለማኝ ነው፤ መቶ አርባ ቤት ቢጠማ ባለጉዳይ።"
ይህን ያለው ማን እንደሆነ አልያዝኩም፤ ድምፁ የመጣው ከበሩ ላይ።

ስሙ ላይ አንድ ሰዓት ፈጀን፣ ዕዳው ላይ አሥር ደቂቃ፤
ሰው እንዲህ ነው፤ ለስም ሲሆን እስከ ንጋት የሚነቃ።

ከዚያ ሆባርት ሳይዝሞር ቆመ፤ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፤
"አባቴ በዶማ ያወጣው ምንጭ፣ ዛሬም ከአለቱ ሲፈልቅ
እያየሁ፣ የእግዜርን ውሃ በጋሎን ሰፍሮ ማን ይሸጥልኛል?
እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፣ አሁን ደግሞ በደረሰኝ ይመጣል?"

ዝም አልን። ካለው ግማሹ እውነት ነበረ፤
በዚያች ሰዓት ዝናቡ ብቻ ነበር ያልተቆጠረ።

ራኒታ ቦግስ ተነሣች፤ ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።
ንግግር አላደረገችም። ከቦርሳዋ የጃም ጠርሙስ ወጥቷል፤
ሆባርት ፊት አስቀመጠችው። "የዛሬ ጠዋት ነው" አለች፣
"ከወጥ ቤቴ። ዛሬ ደህና ቀን ነው" ብላ ተቀመጠች።

ክዳኑን ከፈተ። አሸተተ። መልሶ ከደነ።
ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ብቻ ፊቱ ሌላ ሆነ።
"በታችኛው የድንች ማሳዬ ይለፍ ቧንቧው፤ ፊርማዬን አምጪ፤
የውሻዬን መቃብር እንዳይነኩ፤ ይሄንንም ጻፊ፣ አትርሺ።
ድምፄ ግን ተቃውሞ ነው።"
 መዝግቤዋለሁ፦
ድጋፍ፣ ሃምሳ ሦስት። ተቃውሞ፣ አንድ። አጠገቡ "ምንጩን የሰጠ" ብዬአለሁ፤
ሚስ ኮርዴሊያ ሰረዘችው፤ ሕጉ አይፈቅድም አለችኝ።
ሃምሳ ሦስት ሰው እጁን ሲያወጣ፣ ከነሱ መሐል የቨርሊን እጅ ታየችኝ፤
ብቻውን ሲሸከመው የኖረው፣ ለካ ለሃምሳው ጌጥ ነው።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ካውንቲው ፋይሉን አንዴ ጥሎ አንዴ አገኘው።
ዛሬ በየአጥሩ ሥር ክዳን አለ፣ ከክዳኑ ሥር ቆጣሪ፤
ቆጣሪዋ ግን እኔ ነኝ፣ በየወሩ እየዞርኩ፣ የቤቱን ሁሉ ተጣሪ።
ቨርሊን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይነዳል፤ በርሜሉ ባዶ ነው፤
እህቴን ልጠይቅ ነው ይላል። ማን ምን ይለዋል? እህቱ ናት፣ እውነቱን ነው።

የራኒታ ጠርሙስ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከማኅተማችን ጎን አለ።
ጥቁሩ ወደ ታች ወረደ፤ ላዩ ጠለለ።
አዲስ ኮሚሽነር በመጣ ቁጥር አሳየዋለሁ፤
እንዲነቀንቀው ግን አልፈቅድለትም።