የግራ ካልሲ

ከሽቦው አጥር ሥር፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ
ቆማ አገኘኋት፣ ከመንጋው ተነጥላ።
አላላዘነችም፤ ጅራቷን ወዝውዛ፣
ሥራ እንዳረፈደ ሰው፣ አየችኝ ተክዛ።
ደሟ በውርጩ ላይ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ፣
ከወንዙ እስከ አጥሩ፣ ፊደል የሚነበብ።

ቺስፓ ነው ስሟ፤ ትርጉሙ ፍንጣሪ፤
ሰባት መቶ በግ ላይ ሕግ አስከባሪ።

ኮርቻዬ ላይ ጫንኳት። ፈረሴ ተቆጣ፤
ጆሮውን ለጥፎ፣ «ደግሞ ምን ጉድ መጣ!»
«ቻል አድርገው» አልኩት፤ «ጭጋግ የዋጠን ለት
ፊት ፊትህ የሄደች ይቺው እግር ናት።»

እዚህ ፓታጎንያ፣ ነፋስ ነው ባለቤት፤
እኛ ተከራይ ነን፣ በቆርቆሮ ቤት።
ሲያሻው ያንኳኳል፣ ሲያሻው ጣሪያ ያነሳል፤
ዛፉን ጎንበስ አርጎ፣ እንደዚያው ይረሳል።

በሩን በድንጋይ አስደግፌ ጠረቀምኩ።
ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጣልኩ፣ ሸሚዜን ቀደድኩ፤
የሟች አባቴን መነጽር አጠለቅኩ።
(አንዱ ዓይኑ ተሰብሯል። ለእሾህ አንድ ይበቃል።
ከዚህ ቤት ሐኪም ሁለት ቀን ይርቃል።)

በጣቶቿ መሃል ያለውን ጸጉር ስከረክም
እጄን ያዘች በጥርሷ። አልነከሰችም።
ያዘች ብቻ፤ «ልክህን ዕወቅ» እንደማለት፤
እኔም እጄን እዚያው፣ አፏ ውስጥ ተውኩላት።

የካላፋቴ እሾህ ነው፤ ጥፍር የሚያህል፤
ወጣ አስከትሎ ደም፣ ከዚያም ጥቂት መግል።
ፍሬውን የቀመሰ ይመለሳል ይላሉ፣
ስለ እሾሁ ግን ትንፍሽም አይሉ።

ማታ ሬሙልዶ መጣ ከጎረቤት፣
ማቴ ሊጠጣ፣ ወሬም ሊያወርድበት።
«ውሻና አካፋ» አለ፣ «ሲሰበር ይጣላል፤
ጥይት ርካሽ ነው፣ ቡችላ ይወለዳል።»
ውሃ ጨመርኩለት። ዝምታም አከልኩበት።
ጉልበቱን ሪህ ከያዘው ይኸው ሁለት ክረምት።
እያነከሰ ወጣ፣ በጠባቧ ደጃፌ፤
ስለ ጥይት ዋጋ አልወጣም ከአፌ።

ካልሲዬን አጠለቅኩላት፤ የግራዬን አወለቅኩ።
አወለቀች። መለስኩ። አወለቀች። መለስኩ።
በአራተኛው ላይ እሷ ተኛች፣ እኔ ሳቅኩ።

ሌሊት በሕልሟ ትሮጣለች፤ ካልሲው ይንቀጠቀጣል፤
እዚያ የጠፋው የማን በግ ይሆን? ማን ያውቃል።
ትንፋሿን ቆጠርኩላት፣ እስከ ሰማንያ ድረስ፣
ካለችበት ሜዳ፣ ቤቷ እስክትመለስ።

በነጋታው በጎቹ ማዶ ሊሻገሩ፤
ቺስፓን አሰርኳት፣ ከበሩ ከማገሩ።
እኔው ሮጥኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ
ፏጪውም ታዛዡም እኔው ነኝ፣ በጉልበቴ።
ጮህኩ እንደ ውሻ። እውነቱን ልናገር፣
ጥሩ አልነበረም። በጎቹ ቆመው ነበር፤
አንዲት አሮጊት በግ፣ ሣሯን እያላመጠች
ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ፊቴን መረመረች።

ከበሩ አንድ ጩኸት መጣ፣ አጭር፣ የጠራ፤
(«አንተ ደነዝ፣ በግራ!» ይመስለኛል፣ በግራ።)
ሰባት መቶ ራስ ባንዴ ዞረ በግራ።
እኔም ዞርኩ አብሬ።

ማታ ፋሻውን ፈታሁ። እብጠቱ አልጎደለም።
ነገም ጨውና ውሃ፤ ሌላ መላ የለም።
ጣሳውን ሳስቀምጥ፣ ገና ሳልጠራት፣
ጭኔ ላይ ጣል አረገች፣ ያንኑ እግሯን፣ ያን እሳት።

ነፋሱ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ይፈትሻል፤
የግራ እግሬ ይበርደኛል።
ይሁን። ይለምዳል።