ቆርኪ

ካኔሊ የሚሏት የወይን ከተማ፣
በርሜል ሲቀጠቀጥ ጧት ጧት የሚሰማ፤
ስምህን ሳይጠይቅ ሰዉ የሚጠይቅህ
«ከኮረብታው በኩል ስንት ረድፍ አለህ?»

እኔ ረድፍ የለኝ። ያለኝ አንድ አፍንጫ፣
አሰላ ያደገ፣ ከብቅል ጢስ መውጫ።
ያ አፍንጫ ዘንድሮ ቢራ ቢራ አለኝ፤
የሱቁን አይደለም፣ በገዛ እጄ ጠምቄ
ቢኮመጥጥ እንኳ ማንንም የማልወቅስበት አማረኝ።

ጉይዶ ብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ፦ «ማጥለያ አለ?»
«አለ። የወይን።» «ቱቦስ?» «የወይን።» «ባልዲስ?» «የወይን ባልዲ አለ።»
«ተንሳፎ ስኳር የሚለካውስ?» «እሱም አይቸግር፤
ግን የወይን ልጅ ነው፣ በወይን ቋንቋ ነው የሚቆጥር።»
«ቆርኪስ? መምቻውስ?»
ጉይዶ መነጽሩን አወለቀ፣
ክፉ ውጤት እንደያዘ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦
«ለምንህ ነው ቆርኪ?»
«ቢራ ልጠምቅ።»
ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሁለት ሽማግሎች ዝም አሉ፤
ባርኔጣ አወለቁ፣ ሬሳ እንዳለፈባቸው ሁሉ።

ብቅሉ ከቱሪን በፖስታ መጣ፣ ዐሥር ኪሎ።
ፖስተኛው ጆንያውን ነቀነቀና «የዶሮ መኖ ነው?» ብሎ
ጠየቀኝ። «አዎን» አልኩት።
ማታ ራሴን ታዘብኩት።
ጴጥሮስ እንኳ የካደው ዶሮ እስኪጮህ ነው፤
እኔ ዶሮውንም ፈጥሬ ካድኩ።

ጌሾው ግን፣ የፈረንጁ ጌሾ፣ ብዙ አላስኬደኝም፤
ቤልቦ ወንዝ ዳር አጥር ላይ ተጠምጥሟል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።
ፒኑቻ፣ የአከራዬ እህት፣ እፍኝ ሙሉ ስቀጥፍ አየችኝና ሳቀች፤
«በፀደይ ቡቃያውን ከእንቁላል ጋር ጠብሰን እንበላዋለን» አለች፣
«የቢራ ዘመድ መሆኑን ግን፣ ማርያምን፣ ማን ነገረን?»

ፈላ። በፒኑቻ የቲማቲም ድስት፣ በትውስት ድስት ፈላ፤
ደረጃው ኮሪደሩ ሸተተ አሰላ አሰላ።
እርሾ ጣልኩበትና ዳሚጃና ውስጥ ከተትኩት፤
ሌሊት «ብልቅ… ብልቅ…» ሲል፣ እንደ አራስ ልጅ ተነስቼ አየሁት።

በሦስተኛው ሌሊት በሬ ተንኳኳ።
ኦሬስቴ ነው፣ ከበታቼ የሚኖረው፣ ፒጃማ ላይ ካፖርት ደርቦ፤
አርባ አንድ ዓመት ከመሬት በታች የአረፋ ወይን ጠርሙስ ያዞረ።
ስድብ ጠበቅሁ። እሱ ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን ወደ ዳሚጃናው አቅርቦ፦
«ሞቆታል» አለ እንደ አዋላጅ። «እዚህ ይታመማል። እናውርደው።»

ታች፣ ከድንጋይ በተፈለፈለው ጓዳ፣ ማዳበሪያ ገለጠ፤
ከሥሩ የብረት እጀታ፣ ዝገት የነካው፣ ብቅ አለ።
የቆርኪ መምቻ!
«የቢራ ብቻ መስሎሃል?» አለ።
«የአረፋው ወይን እኮ ሠላሳ ወር ጨለማ ሲተኛ
አፉ ላይ ያለው ቆርኪ ነው።
ወደ ሰው ሊወጣ ሲል ነው ቡሽ የሚያጠልቀው፣ የወርቅ ወረቀት የሚለብሰው።
ቡሽ የክቱ።
ቆርኪ የዘወትሩ።»

ከቡና ቤት የለቀምኩት ስልሳ የቢራ ጠርሙስ ከንቱ ሆኖ ቀረ፤
የመምቻው አፍ ሃያ ዘጠኝ ሚሊ፣ የጠርሙሱ ሃያ ስድስት ነበረ።
ሦስት ሚሊ!
በሦስት ሚሊ ጦስ ቢራዬ የወይን ጠርሙስ ገባ፣
ወፍራም፣ አረንጓዴ፣
ሙሽራ በተውሶ ካባ።

አሁን ከኦሬስቴ ወይን ጫፍ አርባ ሁለት ሆኖ ተኝቷል።
ረድፍ አለኝ ማለት ነው። ለጉይዶ አልነገርኩትም፣ ሳይሰማ አይቀርም መቼም፤
አንዱ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ፈንድቷል።

ኦሬስቴ ጧት ጧት ይወርዳል።
የራሱን ጠርሙሶች ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር ያዞርና
ሳያቋርጥ የእኔንም ያዞራል።
«ቢራ እኮ መዞር አያስፈልገውም» እለዋለሁ።
«ለእሱ መቼ ሆነና» ይለኛል፣ መዳፉን እያየ።

ገና አልቀመስነውም።