የፊቱ ፊት

በጄጁ ደሴት ላይ፣ በጥር ማለቂያ ሳምንት፣
መንደሪን ተለቅሞ ባለቀበት ሰዓት፣
ቡ ማልሱን መጣች፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ጨው የበላው ጸጉሯ፣ ፀሐይ የጻፈው ፊቷ።

ጠላቂ ናት እሷ፤ ትንፋሿን ቋጥራ
ዛጎል የምታወጣ ከዐለት ተከራክራ።
ነጣ ያለ ቀለበት አለ በዓይኖቿ ዙሪያ፣
የመነጽሯ ርስት፣ የፀሐይ መከልከያ፤
ሌላው ሁሉ ማድያት፣ ሌላው ሁሉ ነጥብ፣
ከግንባር ተጽፎ አገጭ የሚያነብብ።

«ይህን ላጡልኝ» አለች፣ ጉንጯን እያሳየች፣
ዋጋ ሳትጠይቅ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ገና ቆማ እንዳለች።

ነርስ ነኝ። ወንበር ሳብኩላት።
ለሺህ ሰው ያልኩትን እንደ አዲስ አልኳት፦

«እማማ፣ አሲድ ነው፤ አውቆ ማቁሰል ነው ሥራው፣
የላዩ እንዲረግፍ፣ እንዲበቅል ከሥር ተተኪው።
ቀላሉ ላይ ላዩን ይዳስሳል፣ እንደ ሐሜት፣
በሦስት ቀን ይረሳል፣ ሰው ሳያውቅበት።
መካከለኛው ያማል፤ ሳምንት ያስቀምጣል ከቤት።
ጥልቁ ደግሞ ልብ ይነካል፤ ይህን ስል ቅኔ አይደለም፣
የልብ ምት ያዛባል፤ እኛ ጋ እሱን አንሠራም።

ምች መትቶዎት ያውቃል፣ ከንፈርዎ ላይ?
ከአሲዱ አስቀድሞ ኪኒን አለ፣ ለሚያገረሽ ስቃይ።
ማታ የሚቀቡት ክሬም ካለ ከዛሬ ያቁሙ፤
ከጆሮ ጀርባ በጠብታ እንፈትናለን፤ ሁለት ሳምንት ይክረሙ።
ጠይም ቆዳ ቂመኛ ነው፤ ያቃጠለውን አይረሳ፣
በጥቁር ቀለም ይጽፈዋል፣ ጥድፊያችን ሲያነሳሳ።
ከዚያም ባሕር የለም። ፀሐይም የለም፤
ደመና ቢሆንም፣ ያለ መከላከያ ክሬም ደጅ አይወጣም።»

«ባሕር የለም?» ሳቀች። «ዓሣውን ማን ይነግረዋል?»
ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ ይጠልቃል።

«ለሠርግ ነው?» አልኳት።

«ለፎቶ» አለች፤ «ሬሳዬ ፊት ለሚቆመው፣
በቁሜ ተነሥቼ ለልጆቼ ለማኖረው።
ባሌ በጀልባ ሲወጣ ሃያ ዘጠኝ ነበርኩ፤
እሱ ማዶ ቀረ፤ እኔ እዚህ አረጀሁ፣ ጠቆርኩ።
ስሻገር እንዴት ይለየኝ? እሱ የሚያውቀኝ የፊቱን፤
እባክሽ ልጄ፣ መልሺልኝ የፊቱን ፊቴን።»

ምን ይባላል? ዶክተር ታክ ጥጡን ነከረ፤
ከግንባሯ ጀመረ፤
እኔ ማራገቢያ ይዤ ቆምኩ።
ውርጭ ወረደባት፤ እንዲያ ነው የምንለው፣
ቆዳው ነጣ ሲል፣ አሲዱ ሲጨብጠው።
አልጮኸችም። ትንፋሿን ያዘች። ሰዓቴን አየሁ፤
ሁለት ደቂቃ ሙሉ፤ ታፍኜ የተነፈስኩት እኔው ነኝ፣ እኔው ፈራሁ።
ሲያበቃ፣ ከባሕር እንደወጣች ሁሉ በረጅሙ አፏጨች፤
«ውኃው ጥልቅ ነበር» አለች።

በሦስተኛው ቀን ፊቷ ሻከረ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀላ፣
ከአፏ ዙሪያ ተነሣ፤ የሚናገር ቦታ ይቀድማል ከሌላ።
«አይንኩት» አልኳት በስልክ፤ «በራሱ ጊዜ ይረግፋል፤
መንደሪን አይደለም፤ በጥፍር ሲልጡት ይቆጣል።»

በአምስተኛው ቀን ነካችው።
ባሕሩ በመስኮት እያያት፣ እጇ ሥራ ፈትቶ፣ አገጯ ሥር ላጠችው።
ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ቀረች እዚያ።

መጋቢት ላይ ፎቶውን ይዛ መጣች።
ማድያቱ ሳስቷል፤ አልጠፋም። መጨማደዱ እንዳለ ነው፤
ዓመትን የሚልጥ አሲድ የለም፤ ይህን ሳልነግራት ቀርቼ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።
ፎቶ አንሺው ነጥቧን በኮምፒውተር ላጥፋት ቢላት፣
«ተዋት» አለችው፤ «ባሌ ችኩልነቴን ያውቃል፤ በሷ ይለየኛል፤ ተዋት።»

ባርኔጣዋን ደፋች፤ ክሬሟን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
«ባሕሩ እንዴት ነው?» አልኳት፣ በሩ ላይ ስትደርስ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።
«ፊቴን ይነክሰኛል፣ እንደ ፊቱ።»