ሳንቃው

ደብረ ሲና ጉሙ በጊዜ ሲወርድ፣
ሾፌሩም ሰው ነውና ሞተሩን ሲያበርድ፣
አጥር ላይ ጣሳ ካየ ይገባል ጎንበስ ብሎ
እትዬ አፀደ ቤት፤ አሹቅ አለ፣ ቆሎ፣
ቅዳሜ ከሆነማ ዱለት በሚጥሚጣ፤
ጠላው ሳይጠራ ነው ሞልቶ የሚመጣ።
(አላልቶ ያነበበ ሐሜተኛ ነው።)

ልጇ አምና መጥቶ የብረት በር ሲያስገጥም፣
አሮጌውን ሳንቃ አሳልፋ አልሰጠችም፤
የሰፈሩ ዱቤ፣ ተጭሮ በከሰል!
አራት እግር አስመታች፣ ጠረጴዛ ይመስል።
ክርናችን ዕዳ ላይ፣ እንበላለን በሳቅ፤
ማን ስንት እንዳለበት ከእንግዲህ አይደበቅ።

ጥጉ ላይ የጋሽ ድንቁ ሰባት ጭረት አለ።
ሚያዝያ ላይ ቀበርነው። ዕዳው እንደዋለ።
ትናንት አንድ መንገደኛ ብርጭቆውን እዚያ ቢያኖር፣
አንድም ቃል ሳትናገር
አነሳችና
የኔ ዕዳ ላይ አስቀመጠችው።