ሁለት ሰከንድ

ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በሞተበት፣
ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ አንድ መስኮት ባለበት፣
ስም ነው የምጽፈው፤ ሌላ ሙያ የለኝም፤
ፊልም ሲያልቅ ሽቅብ የሚነጉደውን ስም፤
ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል፤ ሰው ጃኬት ሲደርብ፣
በሩ ላይ ሲጋፋ፣ ማንም የማያነብ።

ወርቅአፈራሁ ላቀውን ስንት ጊዜ ጻፍኳት!
«ጎረቤት፣ ቁጥር ሁለት» ብዬ ነው የጀመርኳት፤
ነርስ አደረግኋት፣ ለቀስተኛ፣ ዳኛ፣
አንዴ ያልታወቀ ሬሳ፣ አንዴ የጽዳት ሠራተኛ።
ሬሳ በሆነች ቀን ዝንብ ከንፈሯን ረገጣት፤
ፍንክች አላለችም። መቶ ብር ጨመሩላት።
አንዴ በእንቅልፍ ልቤ «ሁ»ዋን «ው» አድርጌባት፣
ዓመት ሙሉ ከነስህተቴ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት፣
ለልጆች የምታወራ ጥንቸል ናት፣ ድምፅ ናት፤
እሑድ የጥያቄና መልስ ደወል ትደውላለች፤
ማክሰኞ ለሳሙና አረፋ ታቅፋ ትስቃለች፤
አንድ ክረምት ሙሉ ካርታው ፊት ተገትራ
የጎሬን ዝናብ ታወራለች፣ በስብሳ መጥታ በእግሯ።
የቱርክ ድራማ ሲመጣ የሁለት ሴቶች ድምፅ ሆነች፤
አማትም እሷ፣ ምራትም እሷ፤ ራሷን ስትሰድብ ዋለች።
ሠርግ ትመራለች ደግሞ፣ ማይኩን ይዛ በተራ፤
የሙሽሮቹን ስም ሦስቴ፣ የራሷን ሳትጠራ።

ከማዘጋጃ ቁልቁል በቸርችል ስትሄድም፣
የማያውቃት የለም፤ ስሟን የሚያውቅ የለም።
«ሳሙናዋ!» ይላታል የለገሃር ረዳት፤
«ክብርት ዳኛ» ብሎ ዘበኛው ሰላም ሲላት፣
ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ሎተሪ አዟሪዋ ቀርባ
«አንቺ ሞተሽ አልነበር?» አለቻት፣ ዓይኗ አቅርሮ እንባ።
«ሞቼ ነበር፤ ከፈሉኝ» አለቻት እየሳቀች፣
የሃያ ብር ዕጣ ገዝታ መንገዷን ቀጠለች።

ባለፈው ዓርብ ማታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣
እያለከለከች፣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ፣
ፊደሉ ይተልቅ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤
ከፊት አውጣኝ የሚሉትን ስንቱን አውቃለሁ።
«ፍጥነቱን ነው» አለች። «አባቴ ፊደል የቆጠረው
በስድሳ ዓመቱ ነው፤ ጣቱን ዘርግቶ ነው የሚያነበው።
ወር ብሎ፣ ቅ ብሎ፣ አ ላይ ደርሶ፣ ፈ ሳይል፣
ስሜ ጣሪያው ውስጥ ይገባል፤ እሱም ‹ሄደች› ይላል።
አሥራ አንድ ፊልም እስካሁን፤ ዘንድሮም አልጨረሰኝ።
ሁለት ሰከንድ ብቻ፣ እባክህ፣ እዚያ አቆየኝ።»

ሰከንድ እዚህ ቤት ገንዘብ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ይቆጥራል፤
ከኋላ የዘይት ማስታወቂያ ተሰልፎ ይጠብቃል።
እኔ ግን ሰረቅሁ። ከራሴ ስም ላይ ቀነስሁ፤
ከመጨረሻው፣ ከታች፣ ሁለት ሰከንዴን አነሳሁ።

ምረቃው ሰኞ ነበር፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ ሞልቶ፣
ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ወጣ፣ የፈንዲሻ ወረቀት ትቶ።
አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ባርኔጣቸው ጭናቸው ላይ፣
ጣታቸውን ቀስረው፣ ጨረቃ እንደሚያሳይ፣
«ወር... ቅ... አ... ፈ... ራ... ሁ...»
                    ጠራጊዋ መጥረጊያዋን አቆመች።
ልጃቸው ጨለማው ውስጥ፣ ከኋላ፣ ትንፋሿን ያዘች፤
ያ ዝንብ ከንፈሯ ላይ ዳግም እንደመጣ ሆነች።

«ላ... ቀ... ው» አሉ። ዝም አሉ። እጃቸውን አወረዱ።
«ላቀው... እኔ» አሉ፤ ሌሎቹ ስሞች ግን ሄዱ።

ከታች፣ መጨረሻ ላይ፣ የኔ ስም ብልጭ ብሎ አለፈ።
«ይኼን ምስኪን» አሉ፣ «ማነው እንዲህ ያጣደፈ?»