የቦዩ ጭራ

መራዊ፣ ቆጋ ቦይ ዳር፣ ባይለየኝ የውኃ አባት
ጎንበስ ብሎ የመስኖ በሯን በዶማ ጫፍ ሲያላቅቃት፣
ቀና እንዳለ፣
ዓይኑ ላይ ጥቁር ኩታ ዋለ፤
ጆሮው ጮኸ፣ ጉልበቱ ከዳው፣
ባትሪው ብቻ፣ ከእጁ አምልጦ፣ የወደቀበትን ጭቃ አበራው።

«ቡዳ ነው» አለች ጎረቤት፤ «ጾም ነው» አለ የእህቱ ልጅ፤
«ደም ማነስ ነው፣ ጉበት ይብላ» አለ ዘበኛው፣ ከጤና ጣቢያው ደጅ።

ሲስተር ትርንጎ ክንዱን አስራ፣ ነፍታ፣ አዳመጠች ዝም ብላ፤
«ሰማንያ በአርባ አምስት። ደምህማ አለ፤ ግፊቱ ነው የላላ።»

«አገር የሚያልቀው በደም ብዛት፤
የኔ ማነሱ ምን ክፋት?»
አለ እየሳቀ።
እሷ አልሳቀችም። «ቦይህ ላይ ውኃው ሲደክም፣
የማን ማሳ ነው ቀድሞ የደረቀ?»

«የጭራው፤ የነውዴ።»

«ደምህም ቦይ ነው፤ ሽቅብ ነው መንገዱ፤
ራስህ ነው ጭራው። ስትነሣ ካልደረሰው ትወድቃለህ፤
ዛሬ ጭቃ፣ ነገ ድንጋይ ነው መውደቂያህ።
ሲብስም ኩላሊት ይጠማል፣ ልብም ይዝላል በጓዳህ።
ምን ዋጥክ ሰሞኑን?»

ዝም አለ። ኪሱን ዳበሰ፤ ብልቃጥ አወጣ አቀርቅሮ፤
የማንጠግቦሽን ክኒን፣ የግፊቷን፣ ስትሞት የተረፈውን፣
በየማታው ይውጥ ነበር፣ እንዳይባክን፣ አንድ አንድ ቆጥሮ።

አሁን ሌሊት ተራ ሲጠሩት ወዲያው ብድግ አይልም፤
አልጋው ጫፍ ይቀመጣል፣ እግሩን ያወርዳል፣ አይቸኩልም፤
አንድ ጣሳ ውኃ ጠጥቶ
ይጠብቃል በጨለማው፣
እስኪደርስ ከጭራው።